ሠላሳ ሦስት ክር

እህቴ ብርሃነሽ ውሸታም መሆኗን ለማስረዳት ሠላሳ ሦስት ክር ቋጠርሁ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ክሮቹ ዛሬም በሸምበቆ ቱቦ ውስጥ አሉኝ። ሱፉን ብል ነካክቶታል፤ ቋጠሮዎቹ ግን ይቆጠራሉ። ይህን ከመጻፌ በፊት አውጥቼ እንደገና ቆጥሬያቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ክፉ ቀን ከመግባቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ አንኮበር ነው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቆላው በሚያየው ገደል አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ ወልደተንሣኤ የባና ሸማኔ ነበር፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ያን ወፍራም ጥቁር ልብስ ማለቴ ነው። «ንጉሡ ወደ እንጦጦ ቢሄዱ ብርዱን ይዘውልን አልሄዱም» እያለ ይቀልዳል፤ እውነትም ገበያው ከተቀዛቀዘ ወዲህ እንኳ ሥራ አላጣም። እናቴ ዘርፈሽዋል ጠጉሩን ትፈትላለች። በቤታችን ክር የማይገኝበት ቦታ አልነበረም፤ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይገኝ ነበር።

የብርሃነሽ ቀኝ ጉልበት በጥቅምት አበጠ። በጣት ሲነኩት ይሞቃል፤ እንደ ሙልሙል ዳቦ ክብ ሆነ። ግራው ተከተለ፤ ከዚያም የእጇ አንጓ። ጎረቤቶች እየመጡ አዩዋት። አንዷ «ምች ነው» አለች፤ ሌላይቱ «ዓይን ነው፤ የሰው ዓይን በልቷታል» አለች። አባቴ «ቁርጥማት ይመስላል» ሲል ግን ሁሉም ሳቁበት።

«ቁርጥማት የሽማግሌ ነው እንጂ! የስድስት ዓመት ልጅ ከቁርጥማት ጋር የት ተዋወቀች?»

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ሰባት ዓመት ስላለፈኝ እኔ ከእናቴ ጋር እስከ ቀትር እጾማለሁ፤ ብርሃነሽ በዓይኔ ፊት እንቁላል ትበላለች። ለጉልበቷ የቀለጠው ቅቤ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አባቴ ያዝላታል፤ እኔ የአባቴን ተረከዝ እያየሁ ከኋላ እሄዳለሁ። ወንዝ ወርጄ ውኃ የምቀዳው እኔ ብቻ ሆንሁ። ከመታመሟ በፊት ትንሿን ቅል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «እታለም፣ ጠብቂኝ!» እያለች ትከተለኝ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር አየሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም አላየውም። ብርሃነሽ ጧት ጧት አትነሣም። እናቴ ወፍጮዋ ላይ ሆና «ተነሺ» ስትላት እግሮቿ አይታዘዙም፤ እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዛ፣ አጎንብሳ ቀስ በቀስ ትቃናለች። ፀሐይ ከፍ ሲል ይሻላታል። ቀትር ላይ ግን፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ የጎረቤት ጥጃ እያባረረች ትስቃለች። የውኃው ሰዓት ሲያልፍ፣ ኩበት የሚለቀምበት ሰዓት ሲያልፍ ትድናለች ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ያየሁት ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ቆይቶ አዲስ አበባ አንድ የፈረንጅ ሐኪም ዘንድ እንደ እሷ የታመመ አንድ ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ በአስተርጓሚ በኩል መጀመሪያ ከጠየቀኝ አንዱ «ጧት ሲነሣ ምን ያህል ጊዜ ይይዘዋል?» የሚል ነው። በሽታው ልጅ ሲይዝ ዋና ምልክቱ እሱ ነው አለኝ። እኔ ምልክቱን በዘጠኝ ዓመቴ አግኝቼው ነበር። ያልያዝሁት ትርጉሙን ነው።

አባቴ በኅዳር አንድ ቅዳሜ መሪጌታ ወልደአረጋይን ጠራቸው። መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ በቀትር መጡ። ሰው ችሎታቸውን ያከብራል፤ ጥያቄያቸው ግን ያሰለቸዋል። ከእናቴ ፈትል አንድ ክር ወስደው በብርሃነሽ ጉልበት ዙሪያ አዞሩና ጫፍ ለጫፍ በተገናኘበት ቆረጡት። ክሩን ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩት።

«የመጀመሪያውን ሱባዔ፣ ሰባቱን ቀን፣ ምንም አልሰጣትም» አሉ።

አባቴ መወርወሪያውን አስቀመጠ። «መሪጌታ፣ ምንም ላይሰጡን ነው ያን ቁልቁለት የወረዱት?»

«ያለ መድኃኒት ምን እንደምትሆን ካላየሁ፣ መድኃኒቴ ምን እንዳደረገ በምን አውቃለሁ? አንድ ሱባዔ፣ አንድ መድኃኒት። ሁለቱን ቀላቅዬ ብትድን የቱን ላመስግን? ብትሞትስ የቱን ልክሰስ?»

እናቴ አማተበች።

«ምሳሌ ነው ዘርፈሽዋል! ምሳሌ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አምስት ሱባዔ እሞክራለሁ። ካልሆነ ለደምመላሽ ትሰጧታላችሁ።»

ደምመላሽ ወጌሻ ነው፤ የከብትም የሰውም ጉልበት በጋለ ብረት ይተኩሳል። የገብረ ጻድቅን ልጅ ተኩሶት እግሩ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ በበዓል ቀን ሰው ሲጨፍር እሱ ግንብ ተደግፎ ያያል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብርሃነሽም ታውቃለች።

በማግሥቱ እሑድ ጧት መቁጠር ጀመርሁ። እውነቱን ልናገር፤ እህቴን ከብረቱ ላድን ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ብዙ ዓመት አታልያለሁ። አልነበረም። መሪጌታ በዚያ ክር ጉልበቷን ሲለኩ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ በእኔ ጉልበት ዙሪያ ማንም ክር አዙሮ አያውቅም።

አቆጣጠሬ እንዲህ ነው። እናቴ ዶሮ ሲጮህ፣ ለታመመችው ልጅ ገንፎ ሲባል በሰንበትም ሳይቀር፣ ገብስ መፍጨት ትጀምራለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እህሉን እያበጠርሁ እፍኝ እፍኙን አቀብላታለሁ። ጉም ቢሆን ፀሐይ፣ እናቴ የምትፈጭበት ፍጥነት አይለወጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እፍኝ ጀምሬ ብርሃነሽ ምንም ሳትይዝ በሁለት እግሯ እስክትቆም እቆጥራለሁ። በየአምስት እፍኙ አንድ ቋጠሮ። ለአንድ ጧት አንድ ክር። ቋጠሮው የአባቴ ቋጠሮ ነው፤ ሸማኔ የተበጠሰ ክር ሲቀጥል ልብሱ ላይ እንዳይጎላ የሚያደርገው ጠፍጣፋው ዓይነት። ለአምስት ሱባዔ፣ እናቴ የምፈትል መስሏት እያመሰገነችኝ፣ የእህቴን ውሸት ቋጠርሁ።

በመጀመሪያው ሱባዔ አራት ቋጠሮ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። በሁለተኛው መሪጌታ ጤና አዳም የገባበት ቅቤ አሿት፤ አራት። በሦስተኛው ፌጦ በማር አበሏት፤ አራት። ማሩን ስትልስ ጣቷን ወደ እኔ ዘርግታ «ቅመሺ እታለም» አለችኝ። ዞር አልሁ። መሪጌታ በየቅዳሜው በቀትር እየመጡ ጉልበቷን በክር ይለካሉ፤ «ያው ነው» ይላሉ፤ ይሄዳሉ።

በአራተኛው ሱባዔ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ መድኃኒቱን ወደ ወይራ ጭስ ለወጡት። በዚያው ሱባዔ ሰኞ ማታ አባቴ አንድ ባና ጨርሶ ከመሸመኛው ላይ አወረደ።

ያ ባና የእኔ ነበር። ለጥምቀት ቃል ተገብቶልኛል። እኔና ብርሃነሽ ከተወለደች ጀምሮ በአንድ አሮጌ ባና ውስጥ፣ በመደቡ ላይ አብረን ነው የምንተኛው። ከታመመች ወዲህ ደግሞ ሁለቱን ጉልበቶቿን አጥፋ ጀርባዬ ላይ ትለጥፋለች። ብገፋት ተመልሳ ትለጥፋለች። አባቴ አዲሱን ባና በእጁ እየዳበሰ አመጣና በብርሃነሽ ላይ አለበሰው።

እናቴ ፊቴን አይታ «ሁለታችሁም ተኙበት፤ ሰፊ ነው» አለች።

«የእሷ ነው። እኔ በአሮጌው እተኛለሁ።»

«ታንጉት…»

«የእሷ ነው!»

አሮጌውን ባና ጎትቼ ከመሸመኛው ጉድጓድ አጠገብ ብቻዬን ተኛሁ። ከዚያ ሆኜ «እታለም፣ ነይ» ስትል ሰማኋት። ሁለት ጊዜ አለች። የተኛሁ መሰልሁ።

ማክሰኞ ጧት ስምንት ቋጠሮ ሆነ። ረቡዕ ስምንት፣ ሐሙስ ዘጠኝ። በአምስተኛው ሱባዔ መድኃኒቱ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ሲሆን እንኳ ከስምንት አልወረደም። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ባናውን ስላገኘች ውሸቷ ጠገበ።

በአምስተኛው ሱባዔ ሐሙስ ማታ ክሮቹን ለአባቴ ሰጠሁት። ከወጌሻው ጋር ተነጋግሮ መመለሱ ነበር፤ ደምመላሽ ቅዳሜ ይመጣል። አንዱን ክር ከሌላው እያገላበጥሁ ነገርሁት፤ የጧቱን አለመነሣት፣ የቀትሩን ጥጃ፣ የባናውን ነገር ሁሉ።

«አይተሻል? ስትሮጥ በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ፊቱ ቀላ። ክሮቹን በእጁ ጨብጦ ብድግ አለ። የተቆጣ መሰለኝ፤ ደስ አለኝም። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ ያን ፊት ሳስታውሰው ሌላ ነገር አይበታለሁ። ተስፋ ነበር። ውሸት ከሆነ ደምመላሽ አይመጣም፤ ውሸት ከሆነ ልጁ ደህና ናት። አባቴ ልጁ ውሸታም እንድትሆንለት እግዚአብሔርን የለመነ ይመስለኛል።

ዓርብ ዶሮ ሳይጮህ፣ እናቴ ሳትነቃ ብርሃነሽን ቀሰቀሳት። ብብቷን ይዞ አቆማትና ትንሿን ቅል አንገቷ ላይ አንጠለጠለው።

«ከእህትሽ ጋር ውኃ ቅጂ» አለ። ድምፁ የሚለምን ነበር። «እንደ ድሮሽ። በይ የኔ ልጅ፣ እንደ ድሮሽ።»

ብርሃነሽ ቅሉን ያዘችና ወደ እኔ አየች።

መንገዱ ውርጭ ለብሶ ነበር፤ ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። እኔ እንስራዬን አዝዬ ፊት ፊት ሄድሁ። ከኋላዬ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ አልዞርሁም። ደግሞ ሰማሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«እታለም፣ ጠብቂኝ።»

ሄድሁ።

«ውሸቴን ነው እላለሁ» አለች ከኋላዬ። «ውሸቴን ነው ብዬ ለአባባ እነግረዋለሁ። ብቻ ጠብቂኝ።»

ያን ጊዜ ዞርሁ። ቆማ አልነበረችም። በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች፣ እግሮቿን ፊት ለፊት እንደ ሁለት እንጨት ዘርግታ፣ ቅሉ እንዳይሰበር በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ትወርዳለች። መዳፏ ደምቷል። አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ሰው እንባውን የሚጠርግበት ትርፍ እጅ ያስፈልገዋል።

ምን እንዳሰብሁ አስታውሳለሁ፤ የታመሙ ልጆችን ማየትና መመዝገብ ሥራው ለሆነ ሰው ይህን መደበቅ አይገባም። «እንዴት አድርጋ ትችልበታለች!» ብዬ ቀናሁባት። ውሸቷን እንኳ ከእኔ በተሻለ የምትሠራው መሰለኝ።

ያልጠበቅሁት እናቴን ነበር። ነቅታ፣ ነጠላዋን ሳትደርብ ሮጣ ደረሰችብን። ብርሃነሽን አነሣቻት፤ እኔን አላየችኝም። ስትመለስ ከአባቴ ጋር የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን አባቴ ቀኑን ሙሉ መሸመኛው ላይ ተቀምጦ አንድ ክር አልወረወረም።

ቅዳሜ ብርሃነሽ ጭራሽ መነሣት አቃታት። የዓርብና የቅዳሜ ክር የለኝም። አምስተኛው ሱባዔ ያልሞላው ስለዚህ ነው።

በቀትር መሪጌታ መጡ፤ ደምመላሽም ብረቱንና የከሰል ገሉን ይዞ ተከተላቸው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ የዓርቡን ነገር ተናዘዘ። መሪጌታ ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ክሮቹ የታሉ?» አሉ።

አባቴ ሰጣቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ሰባት ሰባት እያደረጉ ደረደሯቸው። ደምመላሽ ከሰሉን እፍ እያለ «መሪጌታ፣ ፈትል ሊነግዱ ነው እንዴ የመጣነው? ብረቴ እየጋለ ነው» አለ።

«ያንተ ብረት ያለ ሥራው ሲግል የመጀመሪያው አይደለም። ነይ እስቲ አንቺ፤ ይህ ከምን እስከ ምን ነው?»

«እናቴ መፍጨት ከጀመረች ብርሃነሽ እስክትቆም።»

«ጧት?»

«ጧት።»

«በየቀኑ ቆጥረሻል? ያላየሽውን ቀን ገምተሽ አልቋጠርሽም?»

«አልገመትሁም» አልሁ፤ አኮረፍሁም። እሷን መመርመር ሲገባቸው እኔን ይመረምራሉ።

ክሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «አምስት ሱባዔ በቀትር እመጣለሁ» አሉ። «አምስት ሱባዔ ሙሉ ጧት እንዴት ናት ብዬ አልጠየቅሁም። የሽማግሌ ቁርጥማት ጧት ይብሳል፤ አውቃለሁ። ልጅ ናት ብዬ…» ጣታቸውን በክሮቹ ላይ እያስኬዱ መጡ። «ቅቤው ምንም አላደረገ። ፌጦውም። እዚህ ጋ በእጥፍ ጨመረ። የወይራው ጭስ ነው እንዳልል ጭሱን የጀመርሁት ቅዳሜ ነው፤ የእሑድና የሰኞ ቋጠሮ አራት አራት ነው። የተለወጠው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ሌሊት ምን ሆነ?»

ሁሉም ተያዩ።

«ባናው» አለች እናቴ። «አዲስ ባና ለበሰች። ግን እሱ ሞቃት ነው መሪጌታ፤ እንዴት ያብስባታል?»

ከባናው ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። «ታንጉት ሄደች» አለች ብርሃነሽ።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። እናቴ አየችኝ። አባቴም። ወር ሙሉ እንዲያዩኝ የተመኘኋቸው ዓይኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ እኔ ላይ አረፉ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

«እንዴት ነበር የምትተኙት?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ ትለጥፋለች።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ብገፋትም ትመለሳለች።»

መሪጌታ ክሮቹን ሰብስበው ለእኔ መለሱልኝ። «ደምመላሽ፣ ከሰልህን አጥፋ።»

«በከንቱ ነደደ ማለት ነው?»

«ቤቱ ሞቆበታል፤ ለዚህች ልጅ እሱም መድኃኒት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰባት ሌሊት ተመልሰሽ አብረሻት ተኚ። ሌላ ምንም አልሰጣትም። ቁጠሪ። ምክንያቱ የጀርባሽ ሙቀት መሆኑን ሳላይ አላምንም።»

ሰባት ሌሊት ተኛሁ። አልገፋኋትም። በሰባተኛው ጧት ሦስት ቋጠሮ ነበር።

የዓርቡን ጧት ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የብርሃነሽ ቀኝ ጉልበት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ያ ጧት ያመጣው ነው? አላውቅም። አንድ ልጅና አንድ ጧት አያስረዳም፤ ከእሷ ወዲህ በዚሁ በሽታ ያየኋቸው ሠላሳ አንድ ልጆች አሉ፤ እንደ እሷ በውርጭ ያልወረዱም ጉልበታቸው ያልተቃና አሉባቸው። ይህን ሁሉ መዝግቤያለሁ። ቢሆንም አሁን የምኖርባት ደብረ ብርሃን የውርጭ አገር ናት፤ ጧት በር ስከፍት ሣሩ ሲንኮሻኮሽ በሰማሁ ቁጥር ወደ ኋላዬ እዞራለሁ።

መሪጌታ ሙቀት ነው ካሉ በኋላ የሚቀጥለው ነገር ቆላ ሆነ። አብዱልሀሚድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ለአባቴ ወዳጁ ነበር፤ ጥጥና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ሲወርድ ቤታችን ያርፋል። ከሚስቱ ከኩብራና ከልጁ ከአፊፋ ጋር እዚያው ቆላ ይኖራል። አባቴ ነገሩን ሲያወያየው አብዱልሀሚድ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«የኔ ቤት ቤቷ ነው፤ ኢንሻአላህ በእግሯ ትመለሳለች።» ከዚያ እናቴን አይቶ ጨመረ። «ሥጋ በቤታችን አይቀርብላትም፤ አይዞሽ። ወተት ነው፣ ማሽላ ነው። ሃይማኖቷን እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቅልሽ።»

ብርሃነሽን በበቅሎ ላይ አስቀመጧት። ጥቁሩን ባና ለብሳለች። የበቅሎዋ አንገት ላይ ቃጭል ነበር። እናቴ የራሷን ማተብ ፈትታ በልጇ ማተብ ላይ ደርባ አሰረችላት። እኔ በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ገደሉን በበቅሎ ወርዶ ቆላ ማየት ለበጎ ልጅ የሚሰጥ ሽልማት መሰለኝ። እናቴ ቃጭሉ እስኪጠፋ አፋፉ ላይ ቆማ ነበር። ቆማ የቆየችው ደስ ብሏት መሰለኝ። ልጇን ለሌላ ሴት እጅ መስጠቷ እንደሆነ የገባኝ እኔም አንዲት ልጄን በሌላ በሽታ ምክንያት ለዘመድ ስሰጥ ነው።

መሪጌታ ለአብዱልሀሚድ አቆጣጠሩን አስረድተውት ነበር። ኩብራም ጧት ትፈጫለች። «የማሽላ እፍኝና የገብስ እፍኝ አንድ አይደለም» አሉ መሪጌታ፤ «ግን ያው እጅ በየቀኑ ከቆጠረው ይበቃኛል።» የምትቆጥረው አፊፋ ሆነች። በየሳምንቱ ከቆላ የሚወጡ ነጋዴዎች ሰባት የጥጥ ክር ያመጣሉ። እኔ ተቀብዬ ለመሪጌታ አደርሳለሁ። መሪጌታም በዚያ ምክንያት ፊደል ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ «የሚቆጥር ሰው መጻፍ አለበት» ብለው።

መጀመሪያ ሦስት ቋጠሮ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት። የአፊፋ ቋጠሮ ከኔ የተለየ ነው፤ ጭነት እንደሚያስር ሰው ድብልብል አድርጋ ትቋጥራለች። አፊፋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ነጋዴው ነግሮኛል። ጠየቅሁት፤ «ብርሃነሽ ከማን ጋር ነው የምትተኛው?»

«ከአፊፋ ጋር ነዋ! አይለያዩም። ጧት አብረው ውኃ ይወርዳሉ።»

ለሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። እናቴ የታመምሁ መስሏት ጉልበቴን ዳበሰች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴን ዳበሰችኝ፤ እኔ ግን ገፋኋት።

በስድስተኛው ሳምንት የመጡት ክሮች ሰባቱም ንጹሕ ነበሩ። አንድም ቋጠሮ የለባቸውም። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልተባለበት የጥጥ ክር። ብርሃነሽ ዶሮ ሲጮህ ብድግ ብላ ትቆማለች ማለት ነው። አፊፋ ጀርባ ላይ ጉልበቷን ለጥፋ አድራ፣ ብድግ ብላ ትቆማለች፣ አንገቷ ላይ ቅል አንጠልጥላ «እታለም፣ ጠብቂኝ» ትላለች። አፊፋ ትጠብቃታለች።

ከመሪጌታ ቤት በታች ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከሰባቱ ክሮች አንዱን መዘዝሁና መሐሉ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠርሁበት። ከዚያ ገባሁና አስረከብሁ።

መሪጌታ ክሮቹን በጉልበታቸው ላይ ደረደሩ። ስድስቱን አለፏቸው። በሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ብርሃን አቀረቡት፤ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ጠፍጣፋውን ቋጠሮ።

«ይህ የአፊፋ እጅ አይደለም» አሉ።

መሬት መሬት አየሁ።

«ይህ የሸማኔ ቋጠሮ ነው።» አልተቆጡም። «ለምን፣ ልጄ? ክፉ እንዲደርስባት ነው?»

«ቆላው አልበጀም እንዲሉ ነው» አልሁ። «ትመለስልኝ።»

መሪጌታ ቀጭን እሾህ አንሥተው ቋጠሮውን ቀስ ብለው ፈቱት፤ ክሩን በምራቃቸው አርጥበው አቃኑት። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ግን ጥቂት ጠምዘዝ ብሎ ቀረ። ከስድስቱ ጋር አድርገው ለእኔ መለሱልኝ።

«አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አሉኝ። «ሠላሳ ሦስቱም እውነት ነበሩ።»

ያ ክር አሁንም በሸምበቆው ውስጥ ከእነሱ ጋር ነው። በዓይን አይታይም፤ በጣት ግን ይታወቃል። በዕድሜዬ ከቋጠርኋቸው ሁሉ ውሸት የነበረው እሱ ብቻ ነው።